ዋጊኖስ፣ አጣጥና የላቦራቶሪው አይጥ

በእኛ አገር በከላላ አይጥ የሚታወቀው በጎተራ ነው። እህል ያጎድላል፤ ስልቻ ይበሳል፤ ክረምት ሲገባም ወደ ምድጃው ተጠግቶ ያድራል። እናቶቻችን ድመት የሚያሳድጉት በእርሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ «የአይጥን ታሪክ እንጽፋለን» ብንል ከወላጆች መካከል ፈገግ የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ጎተራው አይጥ አይደለም። የሰውን ነቀርሳ ለመመርመር በላቦራቶሪ ስለሚረባው አይጥ፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያ ምድር ተሰብስበው በዚያ አይጥ ላይ ስለ ተፈተኑ ሁለት ተክሎች ነው። ተክሎቹ ዋጊኖስና አጣጥ ናቸው፤ ሁለቱንም እረኛ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ለመጻፍ ያነሣሣን የራሳችን ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት በአክስታችን ጡት ላይ ጠጠር የመሰለ እባጭ ወጣ። ወደ ደሴ ሄደው ለመታየት ስንቃቸውን አሰናድተው ነበር። በዚያው ሰሞን በስልክ ስናነብ፣ ከዋጊኖስ የወጣ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ የደም ነቀርሳን ድል እንዳደረገ የሚናገር አንድ አንቀጽ አገኘን። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አላነበብነውም። ያነበብነውን ያህል ግን ማታ እሳት ዳር ለቤተ ሰቡ በኩራት ተናገርን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ የተናገረው ነገር በቤታችን ይታመናል። አክስታችንም «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ መድኃኒቱ ከጓሮዬ ሳለ ምን አንከራተተኝ» አሉና ስንቁን መልሰው፣ የዋጊኖስ ዱቄት በማር እየለወሱ መዋጥ ጀመሩ። እንዲህ እያሉ ሦስት ወር አለፈ። እባጩ አልጠፋም፤ አደገ እንጂ።

ያቋረጥነውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየመራን ከጎንደር ነገሥታት ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ ወሰደን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋጊኖስ በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል፣ ልጡም ፍሬውም እጅግ መራራ የሆነ ትንሽ ዛፍ ነው። አባቶቻችን ለተቅማጥና ለቈዳ ቁስል ይጠቀሙበታል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1769 በምጽዋ በኩል ገብቶ እስከ 1771 ድረስ በአገራችን ሲቀመጥ ብርቱ ተቅማጥ ይዞት ነበር። በዋጊኖስ እንደ ተፈወሰም በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ተርኳል። የኤውሮፓ የዕፀዋት ሊቃውንትም ተክሉን ብሩሴያ አንቲዲሴንቴሪካ ብለው ሰየሙት፤ የብሩስ ተክል፣ የተቅማጥ ጠላት እንደ ማለት ነው። ልጡን ፈጭተው ያጠጡት ያገራችን ሰዎች በስሙ ውስጥ አልገቡም። ያገራችን ባለ መድኃኒቶች ዋጊኖስን ለነቀርሳም ይሰጡ እንደ ነበር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አሜሪካውያን ሊቃውንት በጽሑፋቸው መስክረዋል።

አሁን ደግሞ ወደ አይጡ እንመለስ። አይጥን ወደ ነቀርሳ ምርመራ ካስገቡት ሰዎች አንዷ ዶክቶርም ፕሮፌሶርም ያልነበረች ሴት መሆኗ እኛን እጅግ ደስ አሰኝቶናል። አቢ ላትሮፕ ትባላለች። በአሜሪካ አስተማሪ ነበረች፤ ሥራውን ትታ ዶሮ ብታረባ አልቀናትም። በ1900 ገደማ በማሳቹሴትስ ግዛት ግራንቢ በምትባል መንደር አይጥ እያረባች ለሚያሳድጓቸው ሰዎች መሸጥ ጀመረች። በኋላ ግን ብዙ አይጥ የሚገዛት የሳይንስ ሊቅ ሆነ። አንድ ጊዜ በአንዳንዶቹ አይጦች ቈዳ ላይ እንግዳ ቁስል አየችና ወደ ሊቃውንት ላከችው። ሌኦ ሌብ የተባለው ሊቅ መርምሮ ነቀርሳ መሆኑን ነገራት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ሠሩ። የትኛው የአይጥ ዘር በነቀርሳ ቶሎ እንደሚያዝ፣ የትኛውም እንደሚተርፍ በመዝገብ ጻፈች። በ1916 ሴት አይጦች የእንቁላል ማፍሪያቸው በወጣ ጊዜ የጡት ነቀርሳ እንደሚቀንስባቸው አሳተሙ። ይህ በሰው ልጅ የጡት ነቀርሳ ላይም ሆርሞን የሚባለው የሰውነት ቅመም ድርሻ እንዳለው ከጠቈሙት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ላትሮፕ በ1918 ሞተች።

በዚያው ዘመን ክላረንስ ኩክ ሊትል የተባለ የሃርቫርድ ተማሪ በ1909 ወንድም አይጥን ከእኅቱ ጋር ለብዙ ትውልድ እያዳቀለ፣ ሁሉም እንደ መንታ የሚመሳሰሉ አይጦችን ማርባት ጀመረ። አንባቢ «ለምን?» ይል ይሆናል። መልሱን ገበሬ አባቶቻችን በቀላሉ ይረዱታል። በአንድ ማሳ ላይ ድብልቅ ዘር የዘራ ሰው ምርቱ የጨመረው በማዳበሪያው ይሁን በዘሩ ሊለይ አይችልም። አይጦቹ ሁሉ አንድ ዘር ከሆኑ ግን፣ መድኃኒት የተሰጠው ተርፎ ያልተሰጠው ቢሞት፣ ልዩነቱ የመድኃኒቱ ነው። ደግሞም አይጥ በሦስት ሳምንት ትወልዳለች፣ ዕድሜዋም ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት አያልፍም። በሰው ላይ ሠላሳ ዓመት የሚፈጀውን ጥናት በእርሷ ላይ በጥቂት ወራት መጨረስ ይቻላል። ሊትል በ1929 በሜይን ግዛት የጃክሰንን ላቦራቶሪ አቋቋመ። በ1947 ያካባቢው ደን ተቃጥሎ እሳቱ ላቦራቶሪውን ሲበላው አብዛኞቹ አይጦች አለቁ። ቀድሞ ከዚያ አይጥ የወሰዱ ሊቃውንት ግን ከየአገሩ የዚያኑ ዘር መልሰው ላኩ። እንደ ዘር ብድር ያለ ነገር ነው።

በ1955 የአሜሪካ የነቀርሳ ኢንስቲትዩት መድኃኒቶችን በብዛት የሚፈትን ክፍል አቋቋመ፤ በ1960ም ከዚያው አገር የእርሻ ሚኒስቴር ጋር ተስማምቶ ከዓለም ዙሪያ ተክል ማሰባሰብ ጀመረ። ይህ ሥራ እስከ 1982 ሲቀጥል ከ100,000 በላይ የተክል ጭማቂዎች ተፈተኑ። አፈታተኑ እንዲህ ነበር። ከዓመታት በፊት በአንድ አይጥ ላይ የተነሣ የደም ነቀርሳ ሕዋስ እየተራባ ይጠበቃል። ከዚህ ሕዋስ በብዙ አይጦች ሆድ ውስጥ ይወጋል። መድኃኒት ያላገኙት በአንድ ሳምንት ተኩል ገደማ ይሞታሉ። የተክሉን ጭማቂ ያገኙት ከእነዚያ ቢያንስ ሩብ ያህል ጨምረው ከኖሩ፣ ተክሉ ተስፋ አለው ተብሎ ወደሚቀጥለው ምርመራ ያልፋል። ዳነ ማለት ሳይሆን ሞቱ ጥቂት ዘገየ ማለት ነው። እኛ በስልክ ያነበብነው «ድል አደረገ» የሚለው ቃል ከምን እንደ ተነሣ ያስተዋልነው እዚህ ላይ ደርሰን ነው።

ከኢትዮጵያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተክሎች ተሰብስበው ሄዱ። ከእነዚህ አንዱ የአጣጥ ወገን የሆነ፣ ሊቃውንት ሜይቴነስ የሚሉት ቁጥቋጦ ነበር። አጣጥ ብዙ ዓይነት ነው፤ ከላላም ሆነ መካነ ሰላም በመንገድ ዳር፣ በገደል አፋፍ፣ በአጥር ላይ እሾሁን አሹሎ ይታያል። ከበግ ጠጉር ላይ እሾሁን ስንነቅል ያደግን ነን። በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሞሪስ ኩፕቻን የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር የዚህን ተክል ጭማቂ እየከፋፈለ እያንዳንዱን ክፍል በአይጥ እየፈተነ፣ የሚሠራውን ይዞ የማይሠራውን እየጣለ ሄደ። አይጡ እንደ ሚዛን ሆነለት ማለት ይቻላል። በመጨረሻም በ1972 ሜይታንሲን ያለውን ንጥረ ነገር አገኘ። ከአንድ ሺህ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚወጣው ከአንድ ግራም በታች ነበር። ኀይሉ ግን እጅግ የበረታ ስለ ነበረ ለአይጥ የሚሰጠው በግራም ሚሊዮንኛ እየተለካ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1973 ይኸው የኩፕቻን ቡድን ከኢትዮጵያው ዋጊኖስ ብሩሴአንቲን የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር አወጣ። ይህም አይጦቹን ከደም ነቀርሳ ሞት አዘገየ። እኛ ያነበብነው አንቀጽ እዚህ ላይ ነበር የቆመው።

ከዚያ በኋላስ? ሁለቱም ለሰው ተሰጡ። ሜይታንሲን በ1970ዎቹ በብዙ የነቀርሳ ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ትውከትና ተቅማጥ አመጣ፤ የእጅና የእግር ነርቭ ጎዳ። እባጩ የቀነሰለት ሕመምተኛ ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ ተተወ። ብሩሴአንቲንም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጡትና የቈዳ ነቀርሳ ለያዛቸው ሰዎች ተሰጠ። የደም ግፊታቸውን ዝቅ አደረገ፣ አስታወካቸው፤ የአንዳቸውም እባጭ በሚበቃ መጠን አልቀነሰም። እርሱም ተተወ። በ2004 ሌላ ዓይነት የደም ነቀርሳ ባላቸው አይጦች ላይ እንደገና ተሞክሮ መልካም ውጤት አሳይቷል፤ ያም ቢሆን በአይጥ ነው። አክስታችን በማር ለውሰው የዋጡት የንጥረ ነገሩ መጠን የማይታወቅበትን ድፍን ልጥ መሆኑን ደግሞ መርሳት የለብንም።

አይጧ ዋሸች ልንል ነውን? አይመስለንም። የተጠየቀችውን በእውነት መልሳለች፤ ስሕተቱ በጥያቄው ላይ ነው። በሆዷ የተወጋው የደም ነቀርሳ በችኰላ የሚባዛ ነው፤ ሕዋሶቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በመከፈል ላይ ናቸው። ሜይታንሲን ደግሞ የሚገድለው የሚከፈለውን ሕዋስ ነው። ሕዋስ ሲከፈል የሚዘረጋቸውን ጥቃቅን ክሮች እንዳይሠሩ ያደርጋል። የሰው የጡት እባጭ ግን በዝግታ የሚያድግ፣ አብዛኛው ሕዋሱ በዕረፍት ላይ ያለ ነው። እንዲሁም አይጥ ከክብደቷ አንጻር ስትታይ ሰው የማይችለውን የመርዝ መጠን ብዙ ጊዜ ትችላለች። የባዮሎጂ መምህራችን ይህን ሲያስረዱን «ፈረስ የሚሻገረውን ወንዝ ጥጃ ይሻገረዋል ብላችሁ አትንዱት» ብለውናል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሊቃውንት አይጧን ራሷን ለወጧት። በ1960ዎቹ ጠጉር የሌላት፣ ባዕድ ሥጋን የምትከላከልበት ኀይል የጐደላት የአይጥ ዘር ተገኘች። በ1969 ዴንማርካውያን ሊቃውንት የሰውን የአንጀት ነቀርሳ በእርሷ ገላ ላይ አሳደጉ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የሚፈተነው በአይጥ ነቀርሳ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ አይጥ በተሸከመችው የሰው ነቀርሳም ላይ ሆነ። በ1980ዎቹም የነቀርሳ ጂን በተፈጥሮዋ እንዲኖር የተደረገች አይጥ በሃርቫርድ ተሠርታ በ1988 ፓተንት ተሰጣት። በፍጡር ላይ የባለቤትነት ወረቀት መያዙ ያን ጊዜ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ እኛም በክፍል ተከራክረንበት ሳንስማማ ቀርተናል።

የአጣጡ ታሪክ ግን በመተው አላለቀም። ሜይታንሲን የቸገረው ኀይል አጥቶ ሳይሆን ወዳጅና ጠላት ስለማይለይ ነው። ስለዚህ በ1992 ኢሙኖጅን የተባለው ኩባንያ ሊቃውንት አንድ ዘዴ አሳተሙ። የሜይታንሲንን ዘመድ፣ ነቀርሳን ለይቶ በሚይዝ አንቲቦዲ ላይ አስረው መላክ ነው። አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ የሚይዝበት ፕሮቲን ሲሆን፣ አንድ ዓይነቱን ብቻ በብዛት መሥራት የሚቻልበትን መንገድ ኬለርና ሚልስታይን በ1975 ያገኙት በአይጥ ሕዋስ ነው። ከጡት ነቀርሳ ሕመምተኞች ከመቶው ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት እባጭ ላይ ኸር ቱ የሚባል ፕሮቲን ከመጠን በላይ ይበቅላል። ይህን ፕሮቲን የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለው አንቲቦዲ መጀመሪያ የአይጥ ነበር፤ ኋላ የሰውን መልክ እንዲይዝ ተሻሽሎ በ1998 ተፈቀደ። የኢትዮጵያ አጣጥ ልጅ ልጅ የሆነው መርዝ በዚህ አንቲቦዲ ላይ ታሰረ፤ የሰውን ነቀርሳ በተሸከሙ አይጦችም ተፈተነ። ከዚያ በኋላ በ991 ሕመምተኞች ላይ በተደረገውና በ2012 በታተመው ጥናት፣ አዲሱን መድኃኒት ካገኙት ግማሾቹ ከ30.9 ወር በላይ ኖሩ፤ የቀድሞውን ካገኙት ግን ግማሾቹ የኖሩት ከ25.1 ወር በላይ ነው። በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በገበያ ስሙ ካድሳይላ ይባላል። ያገኙት ስድስት ወር የማይሞላ ዕድሜ ነው። ሆኖም ሕመሙ ከተሠራጨባቸው ሰዎች ዘንድ ስድስት ወር ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ሦስት ወር ያባከንን እኛ አሁን እናውቀዋለን።

ከዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ለኢትዮጵያ ምን ደረሳት?» ብሎ ቢጠይቅ አንፈርድበትም፤ እኛም ጠይቀናል። ተክሉ በሄደበት በ1960ዎቹ የትም አገር ተክል ያገኘው ሁሉ ይወስደው ነበር። አገሮች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ መብት እንዳላቸው የሚናገረው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በሪዮ የተፈረመው በ1992 ነው። አገራችንም አዋጅ ቍጥር 482 አውጥታ የተክልንና የማኅበረ ሰብ ዕውቀትን አወሳሰድ በፈቃድና በጥቅም መጋራት የወሰነችው በ2006 ነው። ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስብ አለ። ጃፓናውያን ሊቃውንት በ1977 የሜይታንሲንን የቅርብ ዘመድ ከአንድ ረቂቅ ተሐዋሲ አገኙ። ዛሬ መድኃኒቱ የሚጀመረው እንደ ጠላ በጋን ተጠንስሶ ከሚፈላ ተሐዋሲ እንጂ ከቁጥቋጦ አይደለም። ስለዚህ አጣጣችንን ቈርጠን ብንሸጥ የሚገዛን የለም። መድኃኒቱ ራሱ ደግሞ ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ሆነ ለገበሬ ቤተ ሰብ የሚቀመስ አይደለም። ይህ ቅር ያሰኘናል፤ ቅሬታችንንም አንሸሽግም።

ቢሆንም ሥራው ሁሉ በባዕድ አገር ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን። በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በዩኒቨርሲቲዎቻችን ነጫጭ አይጦች ይረባሉ፤ ያገራችን ተመራማሪዎችም የባህል መድኃኒቶችን በተለይ ለወባ በእነርሱ ይፈትናሉ። ከክፍላችን ሁለት ልጆች ፋርማሲ ለማጥናት አስበዋል። አንዷ አይጥ እንደምትፈራ ሁላችንም እናውቃለን፤ «እለምደዋለሁ» ትላለች።

አክስታችንን በመጨረሻ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ የወሰዷቸው ታላቅ ወንድማችን ናቸው። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ የሚንጠባጠብ መድኃኒትም ለወራት ተሰጣቸው። ሦስቱ ወር ምን ያህል እንደ ጎዳቸው ሐኪሙን ለብቻው ጠየቅነው። «ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም» አለን። እኛም ለአክስታችን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ሳናነብ እንደ ነገርናቸው አልሸሸግንም። ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ አሁን ጨርሰህ አነበብክ?» አሉን። «አዎን» አልናቸው። «እንግዲያው ለሌላውም ንገር» አሉ።

አሁን በየጊዜው ለምርመራ ይመላለሳሉ። የጓሮው ዋጊኖስ አልተቈረጠም፤ ዶሮዎች በጥላው ያርፋሉ። በቅሉ ውስጥ የቀረውን ዱቄት ግን እኛው አውጥተን ከአጥሩ ውጭ፣ ከአጣጡ ሥር ደፋነው።